ተጨማሪ መረጃ፦ የኢሚግሬሽን ሕግ የማስከበር ሥልጣን የማን ነው?

በአሜሪካ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 6 መሠረት፣ የፌዴራል ሕግና የግዛት ሕግ ሲጋጩ የበላይነት ያለው የፌዴራሉ ነው። ይህ መርህ በኢሚግሬሽን ጉዳይ በጉልህ ከተፈተነባቸው ክርክሮች አንዱ የአሪዞና ጉዳይ ነው።

አሪዞና እ.ኤ.አ. በ2010 ኤስቢ 1070 የተባለውን የኢሚግሬሽን ሕግ ስታወጣ የፌዴራል መንግሥት ከሰሳት። በ2012 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ዳኛ አንቶኒ ኬኔዲ በጻፉት ውሳኔ፣ ሦስት ድንጋጌዎችን ውድቅ አደረገ፦

• የውጭ ዜጋ የምዝገባ ሰነዱን ሳይዝ መገኘቱን በግዛቷ ሕግ ወንጀል ያደረገውን፤
• ያለ ሥራ ፈቃድ መሥራትንም ሆነ ሥራ መፈለግን በወንጀል የሚያስቀጣውን፤
• ከአገር የሚያስባርር ጥፋት ፈጽሟል ተብሎ የሚታመን ሰው ያለ ፍርድ ቤት ማዘዣ እንዲያዝ የፈቀደውን።

ፖሊስ በሌላ ሕጋዊ ምክንያት ያስቆመውን ሰው በቂ ጥርጣሬ ካለው የመኖሪያ ሁኔታውን እንዲያጣራ የሚያዘው ድንጋጌ ግን በሥራ ላይ እንዲውል ተፈቀደ፤ በአፈጻጸሙ ላይ ወደፊት ክስ የማቅረብ በርም አልተዘጋም።

ልብ በሉ! የፌዴራል ሥልጣንም ገደብ አለው። ይኸው ፍርድ ቤት በ1997 በፕሪንትዝ ጉዳይ እንደወሰነው፣ የፌዴራል መንግሥት የግዛት ሹማምንትን የራሱን ፕሮግራም እንዲያስፈጽሙለት ማስገደድ አይችልም። ፖሊሶቻቸው የኢሚግሬሽን ሥራ እንዳይሠሩ የሚከለክሉ ከተሞች በፍርድ ቤት የሚከራከሩት ይህንኑ መርህ ይዘው ነው።