የቀድሞው ክፍል በደወለ ቁጥር

በዝውውር ወይም በዕድገት ወደ ሌላ የሥራ ክፍል ከሄዱ ወራት ተቆጥረዋል እንበል። አዲሱ ኃላፊነት ብቻውን ቀኑን ይሞላዋል። አመሻሽ ላይ ስልክዎ ሲጠራ ግን ደዋዩ የቀድሞ ባልደረባዎ ነው። «ይህቺን ብቻ እዩልን፤ ከእርስዎ በቀር የሚያውቃት የለም» ይልዎታል። «ይህቺ ብቻ» የተባለችው ሥራ ሁለት ሰዓት ትፈጃለች። በሳምንቱ ደግሞ ሌላ ትመጣለች።

ይህ ከጤና ጋር ምን አገናኘው የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል። ራስ ምታት፣ እንቅልፍ ማጣት ወይም የጨጓራ ማቃጠል ይዘው የሚመጡ ሰዎችን ስለ ቀን ውሏቸው ስንጠይቅ እንዲህ ያለ ነገር ደጋግመን እንሰማለን። የበጀት ዓመቱ በሚዘጋበት በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ የሒሳብና የንብረት ክፍል ሠራተኞች ላይ ይበረታል። አብዛኞቹ የሚመጡት መድኃኒት ፈልገው ነው፤ የስልኩን ጉዳይ ካልጠየቅናቸው አያነሱትም።

የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ በ2021 ይፋ ያደረጉት ጥናት፣ በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠሩ ሰዎች ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠሩት ጋር ሲነጻጸሩ በስትሮክ የመያዝ ስጋታቸው በ35 በመቶ፣ በልብ ደም ሥር መጥበብ የመሞት ስጋታቸው ደግሞ በ17 በመቶ ከፍ እንደሚል አመልክቷል። ውጥረት ሲራዘም ሰውነት የሚያመነጫቸው ሆርሞኖች የልብ ምትንና የደም ግፊትን ይጨምራሉ። ከዚህ ጋር እንቅልፍ ያጥራል፣ እራት ይመሻል፣ በእግር መንቀሳቀስም ይቀራል።

በአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ትርፍ ሰዓትም በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት ማለፍ የለበትም። (የመንግሥት ሠራተኞች የሚተዳደሩት በራሳቸው ሕግ ነው።) ለቀድሞው ክፍል በውለታ መልክ ማታ ቤት የሚሠራው ሥራ ግን የትም አይመዘገብም። የአሁኑ ኃላፊዎም ስለማያውቁት ድካምዎን እንደ ስንፍና ሊቆጥሩት ይችላሉ።

ታዲያ እምቢ ማለት ለምን ይከብዳል? አንዱ ምክንያት ይሉኝታ ነው። ይሉኝታን ጨርሶ ተዉት አልልም። የቀድሞ ባልደረባ ለቅሶ የደረሰልን፣ አብሮን ዕቁብ የጣለ ሰው ነው፤ ስልክ ማጥፋት መፍትሔ አይሆንም። የሚያዋጣው ጥያቄን ከሥራ መለየት ነው። «ፋይሉ የት ነው?» የሚል ጥያቄ በአምስት ደቂቃ ይመለሳል፤ ይመልሱት። «ሪፖርቱን ሠርተህ ላክልን» የሚለው ግን ሥራ ነውና በኃላፊዎች በኩል ይምጣ። «ለመርዳት ደስ ይለኛል፤ ለአሁኑ ኃላፊዬ በጽሑፍ ላኩልኝ፣ ከያዝኩት ሥራ የቱ እንደሚቀድም እሳቸው ይወስኑ» ማለት ማንንም አያስቀይምም። በእኔ እምነት ከጥያቄዎቹ ብዙዎቹ እዚህች ላይ ይቆማሉ።

ጥሪው ካልተቋረጠ ችግሩ ምናልባት ርክክቡ ላይ ነው። ስንረካከብ ሰነድና ቁልፍ ላይ እንፈራረማለን፤ አሠራሩ ግን በነባሩ ሠራተኛ ጭንቅላት ውስጥ ይቀራል። ኃላፊዎን አስፈቅደው ግማሽ ቀን ከተተኪው ጋር ይቀመጡ፤ ደረጃ በደረጃ እየጻፈ እሱ ራሱ ይሥራው፣ እርስዎ ይመልከቱ። ኃላፊዎ ለጥቂት ሳምንት እንዲያግዙ ከፈቀዱም የሚያበቃበት ቀን ከመጀመሪያው ይነገር።

ሥራው ሲያመሽ በቡና መበርታት የተለመደ ነው። ይሁንና ከጠጡት ካፌይን ግማሽ ያህሉ ከአምስት ሰዓት ገደማ በኋላም በደም ውስጥ ይገኛል። ለአዋቂ ሰው በሌሊት ቢያንስ 7 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋልና ከቀትር በኋላ ያለውን ቡና ይቀንሱ።

የደም ግፊትዎንም ይለኩ፤ ብዙ ጊዜ ምልክት አያሳይም። በተለያዩ ቀናት ተለክቶ 140/90ና ከዚያ በላይ ከሆነ የሐኪም ክትትል ያስፈልግዎታል። ደረት ላይ የሚጫን ሕመም፣ ድንገተኛ የፊት መጣመም፣ የአንድ ወገን እጅ ወይም እግር መዛል፣ የንግግር መኮላተፍ ካጋጠመዎት ግን ሌሊትም ቢሆን በአቅራቢያዎ ወዳለው ሆስፒታል ወዲያውኑ ይሂዱ።