«አይ» ያልነው «አዎ» ሲሆን፦ የተጠቀለሉ ዋጋዎችን በኖድ ጄኤስ መለየት



ባለፈው ረመዷን ለጀማዓችን የመረዳጃ ቅጽ የሚቀበል ትንሽ ፕሮግራም በኖድ ጄኤስ ሠርቼ ነበር። ከጥያቄዎቹ አንዱ «ስምህ/ስምሽ በሚለጠፈው ዝርዝር ላይ ይውጣ?» ይላል። ያደግሁት አጣዬ ነው። በ2013 ዓ.ም. ከተማችን ከተቃጠለች በኋላ ለእርዳታ የተሰለፈ ሰው ስሙ በሰው ፊት ሲጠራ እንዴት አንገቱን እንደሚደፋ አይቻለሁ። ስለዚህ ጥያቄዋ ለእኔ ቀላል አልነበረችም። ፕሮግራሙን ስሞክረው ግን «አይ» ብዬ የሞላሁት ስም ዝርዝሩ ላይ ወጥቶ አገኘሁት። አልሐምዱሊላህ፣ የሙከራ ስም ነበር።

ስህተቱ የራሴ ነው። መልሱን ወደ እውነት ወይም ሐሰት ልቀይር ብዬ «ኒው ቡሊያን» ብዬ ጻፍኩ። «ኒው» የምትለው ቃል ናት ነገሩን ያበላሸችው።

በጃቫስክሪፕት ሰባት ጥሬ ዋጋዎች (ፕሪሚቲቭ) አሉ፦ ስትሪንግ፣ ነምበር፣ ቡሊያን፣ ቢግኢንት፣ ሲምቦል፣ ነል እና አንዲፋይንድ። ከመጨረሻዎቹ ሁለቱ በስተቀር አምስቱ መጠቅለያ ኦብጀክት አላቸው። «ኒው ቡሊያን» ስንል ጥሬውን ፎልስ ሳይሆን ፎልስ የተጠቀለለበትን ኦብጀክት እናገኛለን። «ኢፍ» ደግሞ ማንኛውንም መደበኛ ኦብጀክት እንደ እውነት ይቆጥራል። ባዶ መሶብ ተከድኖ ቢቀርብ መሶቡን ብቻ አይቶ «ምግብ አለ» እንደሚል ሰው ነው፤ ከድኑን ከፍቶ አያይም።

ችግሩን ለማግኘት ብዙ የደከምኩት ደግሞ ዋጋውን በጄሰን መልክ እያተምኩ ስለነበር ነው። ጄሰን ስትሪንጊፋይ ጥቅሉን ፈትቶ ተራ ፎልስ አድርጎ ይጽፈዋል። በቀጥታ በኮንሶል ሎግ ባትመው ኖሮ ኖድ «ቡሊያን፦ ፎልስ» ብሎ በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ያሳየኝ ነበር።

ታዲያ እንዴት እንለየው?

ታይፕኦፍ «ኦብጀክት» ብቻ ይላል። ቀንም ሆነ አሬይ ሲሰጠው መልሱ ያው ነው፤ ስለዚህ አይበቃም።

ኢንስታንስኦፍ በተለመደው ሁኔታ ይሠራል። ነገር ግን ኦብጀክቱ በቪኤም ሞጁል በኩል ከሌላ ኮንቴክስት ከመጣ «አይደለም» ይላል፤ ያኛው የራሱ የሆነ ሌላ ቡሊያን አለውና።

የኦብጀክት ፕሮቶታይፕ ቱስትሪንግ የሚሰጠው ስያሜም በሲምቦል ቱስትሪንግታግ ሊቀየር ስለሚችል ሊያታልል ይችላል።

ኖድ ራሱ የሚሰጠን መፍትሔ በዩቲል ሞጁል፣ «ታይፕስ» ሥር ይገኛል። «ኢዝ ቦክስድ ፕሪሚቲቭ» የተባለው ፈንክሽን ከኖድ 10.11 ጀምሮ አለ። የሚጠይቀው ቪኤይት ሞተሩን ነው፤ ስለዚህ በስያሜ አይታለልም፣ የኮንቴክስት ልዩነትም አያግደውም። ለተጠቀለለ ዋጋ ትሩ፣ ለጥሬው ፎልስ ይመልሳል። የትኛው ዓይነት እንደተጠቀለለ ማወቅ ከፈለግን «ኢዝ ቡሊያን ኦብጀክት»፣ «ኢዝ ነምበር ኦብጀክት» እና «ኢዝ ስትሪንግ ኦብጀክት» አሉ። መጠቅለሉ ከተረጋገጠ በቫሊዩኦፍ ጥሬውን አውጥተን እንጠቀማለን። ዩቲል የኖድ እንጂ የብራውዘር አለመሆኑን ግን አትርሱ።

ይህን ምርመራ በየመስመሩ መደርደር አያስፈልግም። በጄሰን ተልኮ በፓርስ የተነበበ ዋጋ ተጠቅልሎ አይመጣም፤ ጥቅሉ የሚመጣው ከራሳችን ወይም ከተጠቀምንበት ላይብረሪ ኮድ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ «ኒው»ን ማውጣት ነው፦ «ቡሊያን» ብቻውን ሲጠራ ጥሬ ዋጋ ይሰጣል። ይሁንና እዚህም ጥንቃቄ ያሻል፤ «አይ» የሚል ጽሑፍ ባዶ ስላልሆነ ቡሊያን ውስጥ ሲገባ ትሩ ይሆናል። እኔ አሁን መልሱ «አዎ» ከሚለው ጋር እኩል መሆኑን ብቻ አነጻጽራለሁ። ምርመራውን የማስቀምጠው የሌላ ሰው ኮድ ዋጋ በሚያቀብለኝ በር ላይ ነው።

ለጀማዓው ፕሮግራም የምትሠሩ ሁሉ፣ ከማስረከባችሁ በፊት «አይ» የሚለውን መልስ ለብቻው ሞክሩት። አብዛኞቻችን የምንሞክረው «አዎ»ን ነው። ወንድማችን ወይም እህታችን «ስሜን አታውጡ» ካሉን ያ አማና ነው፤ አማና ደግሞ በአንዲት «ኒው» መጥፋት የለበትም።

ወሰላሙ ዐለይኩም።