ዘንዶ በመስታወት ቤት

በቤኒን የባሕር ዳርቻ አጠገብ በምትገኘው በዊዳህ ከተማ ዘንዶ የሚከበርበት ቤተ መቅደስ አለ። እባቦቹ አንዳንድ ማታ ይለቀቃሉ፤ አድነው ይበላሉ፤ መንገድ ስቶ ሰው ቤት የገባ ካለም ባለቤቱ በክብር ይዞ ይመልሰዋል። ይኸው ዝርያ፣ ሲፈራ ተጠቅልሎ ስለሚድቦለቦል «ቦል ፓይተን» የተባለው፣ ዛሬ በአውሮፓና በአሜሪካ ቤት ውስጥ በብዛት ከሚያዙት እባቦች አንዱ ነው። የእባብ ፊት አይለዋወጥም፣ ሲከፋውም አይጮኽም። ስለዚህ ብዙ ባለቤቶች ደኅንነቱን በአፉ ይለኩታል፤ ከበላ ተመችቶታል ይላሉ። ይህ ሚዛን የተሳሳተ ይመስለኛል፤ መታየት ያለበት እንስሳው ምን ያህል ምርጫ እንዳለው ነው።

እባብ እንደኛ የሰውነቱን ሙቀት ከውስጥ እያመነጨ አይኖርም፤ የሚሞቀውም የሚቀዘቅዘውም ቦታ በመለወጥ ነው። ስለዚህ የሚኖርበት ሳጥን አንድ ጫፍ 32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ሌላው 25 ገደማ ይሁን። ሁሉም ጥግ እኩል 28 ቢሆን አማካዩ ያምራል፤ ዘንዶው ግን የበላውን ለመፍጨት መሞቅ ሲፈልግ የሚሄድበት የለውም። መሸሸጊያም እንዲሁ ነው። ብዙዎች አንድ ጎጆ ብቻ ያስቀምጣሉ፣ ያውም በቀዝቃዛው በኩል። ዓይን አፋሩ ዘንዶ ያኔ ከሙቀትና ከመደበቅ አንዱን መተው ግድ ይሆንበታል፤ ተደብቆ ሲቀር ምግቡ በወጉ አይፈጭም፣ አንዳንዴም መልሶ ያወጣዋል። በሁለቱም ጫፍ ጠባብ ጎጆ ማኖር ወጪው ኢምንት ነው። ሙቀቱን የሚቆጣጠረው ቴርሞስታት ግን ገንዘብ ይጠይቃል፤ ያለ እሱ የተተወ ማሞቂያ ቆዳ ያቃጥላልና እዚህ ላይ መቆጠብ አያዋጣም።

ለገበያ የሚያረቡ ሰዎች ሙግት አላቸው። ዘንዶው በተፈጥሮው በአይጥ ጉድጓድና በምስጥ ኩይሳ ስለሚያድር ጠባብ መሳቢያ ይበቃዋል፣ ሰፊ ቦታ ሲሰጡት እንዲያውም መብላት ያቆማል ይላሉ። ግማሹ እውነት ነው። የሚያስፈራው ግን የቦታው ባዶነት እንጂ ስፋቱ አይደለም፤ ቅርንጫፍና መደበቂያ የሞላበት ሰፊ ሳጥን ለመዘርጋትም ለመሸሸግም ይመቻል። ጉድጓዱም የቀን ማረፊያው ነው፤ ሌሊት ይወጣል። በደቡብ ምሥራቅ ናይጄሪያ የተደረገ ጥናት የዚህ ዝርያ ትናንሾቹ ዘንዶዎች በአብዛኛው ወፍ እንደሚበሉ አሳይቷል፤ ወፍ ደግሞ ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጦ አይጠበቅም። «ከበላና ከተራባ ምን ጎደለው?» ለሚሉትስ? በአሜሪካ የሴንት ሉዊስ መካነ እንስሳት ዕድሜዋ ከ60 ዓመት የበለጠ አንዲት ዘንዶ በ2020 እ.ኤ.አ. ለዓመታት ወንድ ሳይቀርባት እንቁላል ጥላለች። የመራባት ግፊት ይህን ያህል ብርቱ ከሆነ ስለ ምቾት ብዙ አይመሰክርም። ጾሙም እንደዚያው ነው፤ ጤነኛው ቦል ፓይተን ወራት ሳይበላ ሊቆይ ይችላል። ይልቅ መብራት ከጠፋ በኋላ ማየት ይሻላል፦ ከሙቁ ወደ ቀዝቃዛው ይመላለሳል? ምላሱን እያወጣ አካባቢውን ያሸታል? ወይስ አፍንጫውን ከመስታወቱ ጋር ሲያፋትግ ያድራል? ይህኛው ከሆነ ሙቀቱንና መሸሸጊያውን መፈተሽ፣ ለጊዜውም እያነሡ ማቀፉን መተው ነው።