የሩቅ ብርሃን ደብዳቤ ነው

የሩቅ ዘመድ ደብዳቤ የሚነግረን ሲጻፍ የነበረውን ነው። ማታ ቢስቲማ ላይ ሆነን የምናየው የኮከብ ብርሃንም እንዲሁ ነው። የፀሐይ ብርሃን እኛ ዘንድ ለመድረስ 8 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። የአንዳንዱ ኮከብ ብርሃን ግን ጉዞ የጀመረው አያቶቻችን ሳይወለዱ ነው።

መንገዱስ ቀጥ ያለ ነው? አይደለም። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ላሊበላ ላይ ጨረቃ ፀሐይን ጋርዳ ቀለበት አስመሰለቻት። በ1911 ዓ.ም. በሌላ አገር ፀሐይ ጨርሳ ስትጋረድ ሊቃውንት አንድ ነገር ለኩ። የኮከብ ብርሃን ፀሐይ አጠገብ ሲያልፍ ጎበጥ ይላል።

ሕዋውም ይሰፋል። የዳቦ ሊጥ ኩፍ ሲል ጥቁር አዝሙዱ ይራራቃል አይደል? የከዋክብት መንጋዎችም እንዲሁ ይራራቃሉ። ብርሃናቸው በመንገድ ይለጠጣል፤ ወደ ቀይ ያደላል። ሊቃውንት ከመቅላቱ ርቀቱን ያነባሉ።

እኛም ማንበብ ጀምረናል። እንቀጥል።