ኢንሱሊን ይዘው አገር ቤት ለሚገቡ፦ ማቀዝቀዣዎና የባትሪው ቮልት

ለእንቁጣጣሽና ለገና ከሎንዶን ወደ አገር ቤት ከሚጓዙት ወገኖች መካከል የስኳር በሽታ ያለባቸውና በየቀኑ ኢንሱሊን የሚወጉ አሉ። አዲስ አበባ ላይ ፍሪጅ አይጠፋም። ችግሩ መብራት ወደሌለበት ገጠር ወይም እንደ አፋርና ጋምቤላ ወዳለ ሞቃት ስፍራ ሲወርዱ ነው። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ አለበት። አንዴ በረዶ ከሆነ ቢቀልጥም አይወጋም፤ ይጣላል።

በመኪና ባትሪ የሚሠሩ ተንቀሳቃሽ ማቀዝቀዣዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። ርካሹ ኮምፕረሰር የሌለው ሲሆን፣ የሚያቀዘቅዘው ከውጭው ሙቀት 20 ዲግሪ ያህል ዝቅ አድርጎ ብቻ ነው። ውጭው 35 ከሆነ ውስጡ 15 ይሆናል ማለት ነው፤ ይህ ለኢንሱሊን አይበቃም። ኮምፕረሰር ያለው ግን የተፈለገውን ቅዝቃዜ ይጠብቃል፤ አብዛኛውም 12ንም 24ንም ቮልት ራሱ ለይቶ ይቀበላል።

ቮልቱን መለየት ለምን ያስፈልጋል? የቤት መኪናና ሚኒባስ ባብዛኛው 12 ቮልት፣ ትልልቅ የጭነት መኪናዎችና አውቶቡሶች 24 ቮልት ናቸው። ሞተር ሲነሣ 12ቱ ወደ 14፣ 24ቱ ወደ 28 ከፍ ይላል። ለ12 ብቻ የተሠራ ዕቃ 24 ላይ ቢሰካ ይቃጠላል። ከጭነት መኪናው ሁለት ባትሪዎች ከአንዱ ብቻ 12 ቮልት መቀጠልም መፍትሔ አይደለም፤ አንዱ ሲደክም ሌላው ከመጠን በላይ ቻርጅ እየተደረገ ሁለቱም ይበላሻሉ።

የቮልት ብዛት ግን የባትሪውን አቅም አይናገርም። 12 ቮልት 100 አምፔር-ሰዓት እና 24 ቮልት 50 አምፔር-ሰዓት እኩል 1200 ዋት-ሰዓት ይይዛሉ። 48 ዋት የሚፈልግ ማቀዝቀዣ በ12 ቮልት 4 አምፔር፣ በ24 ቮልት 2 አምፔር ይስባል። ስለዚህ በ12 ቮልት ሲሠሩ ሽቦው ወፍራምና አጭር ይሁን። ቀጭን ከሆነ ቮልቱ መንገድ ላይ ይወድቅና ባትሪው ሳያልቅ ማቀዝቀዣው ራሱን ያጠፋል። የተለመደውን የአሲድ ባትሪ ደግሞ ከግማሽ በታች ባያወርዱት ዕድሜው ይረዝማል።

ለአውሮፕላኑም ጥንቃቄ ያሻል። ኢንሱሊኑ ከሐኪም ደብዳቤ ጋር በእጅ ሻንጣ ይያዝ፤ ከታች ከተጫነ በረዶ ሊሆን ይችላል። ከ160 ዋት-ሰዓት በላይ የሆነ የሊትየም ባትሪ ለመንገደኛ አይፈቀድም፤ ከ100 እስከ 160 ያለውም የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል። ስለዚህ ማቀዝቀዣውን ከዚህ ይዞ ባትሪውን እዚያ መግዛት ይሻላል። ከጉዞው በፊት ግን ውስጡ ቴርሞሜትር አስገብቶ አንድ ሌሊት ሎንዶን ላይ መሞከር አይዘንጋ።