የሪል እስቴት አክሲዮን ግሽበትን ይመክታልን?

ብር ሲረክስ ወደ ቤትና ወደ ቦታ መሸሽ በገበያችን የቆየ ልማድ ነው። ሙሉ ሕንፃ ለመግዛት አቅም የሌለው ሰውስ? አሜሪካውያን ለዚህ ጥያቄ እ.ኤ.አ. በ1960 በሕግ መልስ ሰጥተውበታል። በምህጻሩ «ሪት» የሚባሉት ኩባንያዎች ሕንፃ ይዘው ያከራያሉ፤ የብዙዎቹ አክሲዮን በገበያ ይሸጣል፤ ግብር ከሚታሰብበት ገቢያቸውም ቢያንስ 90 በመቶውን ለባለአክሲዮኖች ማከፋፈል አለባቸው።

የግሽበት መከታ የሚያሰኛቸው ዋጋ ሲንር ኪራይም መጨመሩ ነው። ሲሚንቶና ብረት ሲወደድ ደግሞ አዲስ ሕንፃ ማቆም ስለሚከብድ ቀድሞ የተሠራው ይፈለጋል። በዚህ ላይ ኩባንያው በማይለወጥ ወለድ ተበድሮ ከሆነ ዕዳውን የሚከፍለው በረከሰ ገንዘብ ነው። ጉዳቱ የአበዳሪው ይሆናል።

እስከዚህ ድረስ አባባሉ ትክክል ነው። እ.ኤ.አ. 2022 ግን ሌላ ነገር አሳየ። በጁን ወር የአሜሪካ ግሽበት 9.1 በመቶ ደረሰ፤ ከ40 ዓመት ወዲህ ያልታየ ነበር። መከታው ሊሠራ በሚገባበት በዚያው ዓመት የሪት አክሲዮኖች በአማካይ የዋጋቸውን ሩብ ያህል አጡ። ከጠቅላላው የአክሲዮን ገበያም የባሰ ወደቁ።

ምክንያቱ ወለድ ነው። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ግሽበቱን ለመግታት፣ በ2022 መጀመሪያ ከዜሮ ብዙም ያልራቀውን ወለድ እስከ ጁላይ 2023 ከ5 በመቶ በላይ አደረሰው። የመንግሥት ቦንድ ያለ ብዙ ሥጋት ጥሩ ሲከፍል፣ ባለሀብቱ የኪራይ ገቢ ያለውን አክሲዮን በርካሽ ካላገኘ አይገዛም። ብድሩን ማደስ ያለበት ኩባንያማ በሁለት በኩል ይጎዳል።

ስለዚህ ገዢ አስቀድሞ ማየት ያለበት የኪራይ ውሉን ዕድሜ ነው። ሆቴል ዋጋውን በየቀኑ መለወጥ ይችላል፤ መኖሪያ ቤት ብዙውን ጊዜ በየዓመቱ። ለ10 ዓመት የተከራየ ቢሮ ግን በውሉ ጭማሪ ካልተጻፈ ግሽበቱን ቆሞ ያያል። ስሙ ሪት ሆኖ ሕንፃ ሳይኖረው በሕንፃ መያዣ የሚያበድርም አለ። ይህ ባለንብረት ሳይሆን አበዳሪ ነውና ግሽበት ከሚጎዳቸው ወገን ነው።

በአዲስ አበባም የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. ተከፍቷል። እዚህ አገር ሪል እስቴት የሚባለው ግን በአብዛኛው ቤት ሠርቶ ሻጭ እንጂ አከራይ አይደለም። በቁርጥ ዋጋ ቅድሚያ ክፍያ ተቀብሎ ብረቱን ከዓመት በኋላ የሚገዛ ድርጅት ግሽበት ያከስረዋል። የእንዲህ ያለውን ድርጅት አክሲዮን የሚገዛ ሰው በመጀመሪያ የሽያጭ ውሉን አስከፍቶ ያንብብ።