ሰሌዳውን ለማያይ ሠራተኛ

የሥራ ሰሌዳ ለዓይን የተሠራ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ታይቺ ኦኖ በቶዮታ ፋብሪካ ያስፋፋው የካንባን ካርድ፣ አንዱ ክፍል የሚፈልገውን ዕቃ መጠን ዕቃውን ለሚያቀርበው ክፍል የሚነግር ወረቀት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ትሬሎ የተባለ ፕሮግራም ደግሞ ሐሳቡን ለቢሮ ሥራ አመቻችቶ በስክሪን ላይ ዘረጋው። ሰው ዓምዶቹን በአንድ እይታ ይቃኛል፤ የትኛው ሥራ እንደተጀመረ፣ የትኛው እንደተጓተተ ወዲያው ይገባዋል። አሁን ግን ካርዱን የሚያንቀሳቅሰው ብዙ ጊዜ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኤጀንት ነው፤ እሱ ደግሞ በአብዛኛው ሰሌዳውን አያይም። የሚደርሰው ካርዱን የሚያዛውርባቸው ወይም የሚለውጥባቸው መሣሪያዎች ዝርዝር ነው፦ የእያንዳንዱ መሣሪያ ስም፣ በተራ ቋንቋ የተጻፈ መግለጫ፣ መሣሪያው የሚቀበላቸው መረጃዎች ዓይነት። የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኩባንያው አንትሮፒክ በኖቬምበር 2024 ይፋ ያደረገው፣ ኤጀንቶችን ከመሣሪያዎች ጋር የሚያገናኘው ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮልም መሣሪያን የሚያስተዋውቀው በዚሁ መልክ ነው። ከጀርባ ያለው ኮድ ለኤጀንቱ አይገለጥለትም። ስለዚህ መግለጫው ከመሣሪያው አካላት አንዱ ነው፤ ኮዱን የሚጽፍ ባለሙያ ለኮዱ የሚሰጠውን ጥንቃቄ ለመግለጫውም ሊሰጥ ይገባል።

«ካርድ ያስተካክላል» የሚል መግለጫ እንውሰድ። ምኑን ነው የሚያስተካክለው? ርዕሱን፣ ዓምዱን፣ የተመደበለትን ሰው? ችግሩ የሚብሰው ተጠቃሚው በአማርኛ ሲያዝዝ ነው። «ይህን ካርድ አንሣልኝ» ያለ ሰው ከዓምዱ ወደ ሌላ ይዛወር ማለቱ ሊሆን ይችላል፤ ከዓይኔ ይራቅ ማለቱም ሊሆን ይችላል፤ ጨርሶ ይጥፋ ማለቱም ሊሆን ይችላል። በትሬሎ ደግሞ እነዚህ ሦስቱ ፍጹም የተለያዩ ተግባራት ናቸው። ወደ ማኅደር የገባ ካርድ ይመለሳል፤ የተሰረዘ ካርድ ግን ከነአስተያየቶቹና ከነታሪኩ ይጠፋል። ጂራ በተባለው ሌላ የሥራ መከታተያ ላይ የሚገጥመው እንቅፋት ሌላ ነው፦ የአንድን ሥራ ሁኔታ በቀጥታ «ያለቀ» ብሎ መጻፍ አይቻልም። ሥራው አሁን ካለበት ደረጃ ወዴት መሻገር እንደተፈቀደለት መጀመሪያ መጠየቅ፣ ከዚያም የተፈቀደውን መሻገሪያ መምረጥ ያስፈልጋል። ይህን ቅደም ተከተል መግለጫው ካልነገረው ኤጀንቱ የማይሠራ ትእዛዝ ደጋግሞ ይልካል። መልካም መግለጫ እንግዲህ እንዲህ ይላል፦ «ካርዱን ወደ ማኅደር ያስገባል። ካርዱ አይጠፋም፤ መመለስ ይቻላል። ተጠቃሚው ሥራው አልቋል ካለ ይህን መሣሪያ አትጠቀም፤ ካርዱን ‹ያለቀ› ወደሚለው ዓምድ አዛውር። በአንድ ስም ሁለት ካርዶች ከተገኙ የትኛው እንደሆነ ጠይቅ።» ከእነዚህ ዐረፍተ ነገሮች እጅግ የምወደው ሦስተኛው ነው። መሣሪያው ምን እንደሚሠራ መጻፍ ለሁሉም ይቀላል፤ መቼ እንደማያገለግል ለመጻፍ ግን ጎረቤቶቹን መሣሪያዎች ሁሉ ማወቅ ያስፈልጋል።

መሣሪያው የሚቀበለው መረጃ ዓይነት በትክክል ከተወሰነ መግለጫ ምን ያደርጋል የሚሉ መሐንዲሶች አሉ። ክርክራቸው ክብደት አለው፤ ቀን የሚገባበት ቦታ ተራ ጽሑፍ እንዳይቀበል ማድረግ ብዙ ስሕተት ያስቀራል። ነገር ግን «መስከረም 1 ቀን 2018 ይድረስ» የተባለ ኤጀንት «2018-09-01» ብሎ ቢሞላ ቅርጹ አንዳች እንከን የለበትም፤ ፍተሻውን ያልፋል። የታዘዘው ቀን ግን በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 11 ቀን 2025 ነበር፤ ካርዱ ገና ሲፈጠር ሰባት ዓመት ገደማ ያለፈበት ሆነ ማለት ነው። ሰዓትም እንዲሁ ነው። «ነገ ጠዋት 3 ሰዓት» የተባለው 09:00 እንጂ 03:00 አይደለም፤ 03:00 በእኛ አቆጣጠር ሌሊት 9 ሰዓት ነው። መግለጫው ላይ «ቀኑ በጎርጎርዮስ፣ ሰዓቱ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ የሚቆጠር ይሁን፤ ተጠቃሚው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከተናገረ ለውጠህ ጻፍ፣ የለወጥከውንም ንገረው» ብሎ ማከል አንድ መስመር ቢፈጅ ነው።

ኤጀንቶቹን የሚያንቀሳቅሱት ሞዴሎች እየበሰሉ ስለሚሄዱ ይህ ሁሉ ድካም ነገ ከንቱ ይሆናል የሚለው ተቃውሞ ግን አያሳምነኝም። በአንድ መሥሪያ ቤት ሰሌዳ ላይ «ለግምገማ» የሚለው ዓምድ የአለቃውን ፊርማ የሚጠብቅ ነው ወይስ የደንበኛውን ምላሽ? ይህ በብልህነት የሚደረስበት ነገር አይደለም። አዲስ የተቀጠረ ጎበዝ ሠራተኛም ካልተነገረው አያውቀውም። የቦታ ጥያቄ ይበልጥ ያሳስበኛል፦ ኤጀንቱ ሥራ ሲጀምር የመሣሪያዎቹ መግለጫ ሁሉ አብዛኛውን ጊዜ አብሮት ስለሚጫን፣ አርባ መሣሪያ በረጅሙ ቢገለጽ ወጪው ይበዛል፣ ምርጫውም ይምታታበታል። መፍትሔው መግለጫውን ማሳጠር ሳይሆን መሣሪያውን መቀነስ ይመስለኛል፤ ቃላቱም ግራ በሚያጋባው ቦታ ላይ ይዋሉ። «የካርዱ ርዕስ» ለሚለው መስክ ማብራሪያ መጻፍ ብክነት ነው። ከዚህ ሌላ ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል አንድ መሣሪያ የማይመለስ ጉዳት ሊያደርስ እንደሚችል የሚጠቁም ምልክት አለው፤ ምልክቱ ግን ጥቆማ ብቻ ነው፣ እጅ አይይዝም። መግለጫም ቢሆን ያው ነው፤ «አትሰርዝ» ብሎ የሚለምን ዐረፍተ ነገር የፈቃድ ቁጥጥርን አይተካም። ማኅደር ባለው ሰሌዳ ላይ ለኤጀንቱ የመሰረዣ መሣሪያ አለመስጠት ይሻላል፤ መሰረዝ ያለበት ካርድ ካለ ሰው ገብቶ ይሰርዘው።